ለመሣሪያ በረራ ፈቃድ የጥናት መጻሕፍትን ስለ መምረጥ

በደመና ወይም በጉም ውስጥ የሚበር አብራሪ ምድርንም አድማስንም አያይም። የጆሮው ውስጠኛ ክፍል ስለሚያታልለው አውሮፕላኑ እያዘነበለ ሳለ ቀጥ ብሎ የሚበር ሊመስለው ይችላል። «ኢንስትሩመንት ሬቲንግ» የተባለው የብቃት ማረጋገጫ አብራሪው ከስሜቱ ይልቅ መሣሪያዎቹን አምኖ መብረር መቻሉን ያረጋግጣል። ለዚህ የሚዘጋጅ ሰው መጽሐፍ ከመግዛቱ አስቀድሞ ፈቃዱን የሚሰጠው የየትኛው አገር ባለሥልጣን እንደሆነ መለየት ይኖርበታል። ከደመወዙ ቆጥቦ ለሚማር ሠራተኛ ይህ ስሕተት ውድ ነው።

በአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ሥርዓት የጽሑፍ ፈተናው 60 ጥያቄዎች ያሉት ሲሆን፣ ማለፊያው 70 በመቶ ነው። በአውሮፓ ኅብረት የአቪዬሽን ደኅንነት ኤጀንሲ ሥርዓት ግን ፈተናው በትምህርት ዓይነት ተከፋፍሎ ይሰጣል፤ ማለፊያውም 75 በመቶ ነው።

ልዩነቱ ከፈተና አዳራሽ ይሻገራል። አብራሪው የከፍታ መለኪያውን ከአካባቢው የአየር ግፊት ወደ መደበኛው ግፊት የሚቀይርበት ከፍታ በአሜሪካ 18,000 ጫማ ሲሆን፣ በጀርመን በአብዛኛው 5,000 ጫማ ነው። የአዲስ አበባ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ራሱ ከ7,600 ጫማ በላይ ላይ መገኘቱን ያስተዋለ ሰው ቁጥሩ በየአገሩ የሚለያይበትን ምክንያት ይረዳል። አውሮፕላን ማረፊያውን ዞሮ ለማረፍ ከመሰናክል የተጠበቀው ክልል ስፋትም በሁለቱ ሥርዓቶች የሚሰላው በተለያየ መንገድ ነው። በአንዱ የተማረውን በሌላው ካርታ ላይ የሚሠራ አብራሪ ሳያውቀው ወደ ተራራ ሊጠጋ ይችላል።

የአሜሪካው አስተዳደር የመሣሪያ በረራ መመሪያ መጽሐፉን በድረ ገጹ በነጻ ያቀርባል። ስለ መሣሪያዎች አሠራርና ስለ ስሜት መዛባት የያዛቸው ምዕራፎች የየትኛውንም ሥርዓት ተማሪ ይጠቅማሉ፤ የሕግ ክፍሉ ግን ለአሜሪካ ብቻ ነው። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ሰነድ 8168 በበኩሉ ለማመሳከሪያ እንጂ ለጀማሪ ንባብ አይመችም። የበረራ ካርታዎች በየ28 ቀኑ ዑደት ስለሚታደሱ አሮጌዎቹ ለልምምድ እንጂ ለበረራ አይሆኑም።

የጥያቄ ባንክ በመጨረሻ ቢገዛ ይሻላል። መልሱን ብቻ የሸመደደ ተማሪ በቃል ፈተና ላይ «ለምን?» ሲባል ይቸገራል። ሐሳቡን በአማርኛ ማብላላት መልካም ነው፤ የሙያ ቃላቱ ግን በእንግሊዝኛ እንዳሉ ይጠኑ፣ በሬዲዮ የሚሰሙት እንዲያ ነውና። በቤት ኮምፒዩተር የሚደረግ የበረራ ልምምድም ቅደም ተከተልን ያስተምራል፤ ሰዓቱ የሚቆጠረው ግን መሣሪያው በባለሥልጣኑ የጸደቀ ሲሆን ብቻ ነው።