ድምፅና እምነት

በሐምሌ 1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በተሰጠ ጊዜ፣ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪችል ድረስ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎችን መኳንንቱና ሹማምንቱ እንዲመርጡ ተወሰነ። በ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ ሲሻሻል መምረጥ የሕዝብ መብት ሆነ፤ ከዚያም ምርጫ ተደረገ። ሚኒስትሮችን መሾምና መሻር ግን እንደ ቀድሞው የንጉሠ ነገሥቱ ሥልጣን ነበረ፤ የፖለቲካ ማኅበርም አልነበረም።

በ1960 ዓ.ም. ይኸው ምክር ቤት የተቀበለው የእርሻ ገቢ ግብር ሕግ ታወጀ። የጎጃም ገበሬ ግን፣ ዛሬ ምርቴን የሚገምት ነገ ርስቴን ይነጥቀኛል ብሎ ስለ ተጠራጠረ፣ ገማቾችን ከአገሩ መለሰ፤ ጠመንጃውንም አነሣ። መንግሥት ጦር ላከ፤ አውሮፕላኖችም ቦምብ ጣሉ። ነገሩ በኃይል አልበርድ ባለ ጊዜ ጠቅላይ ገዥው ተሻሩ፤ የቆየውም ውዝፍ ግብር ተማረ።

ገበሬው እንደራሴ ነበረው፤ ነገር ግን ፍርሃቱ ሕጉ ከመውጣቱ አስቀድሞ በምክር ቤቱ አልተሰማም፤ የተሰማው ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው። ድምፅ መስጠት በአንድ ቀን ይፈጸማል፤ መታመን ግን ሕዝቡን ዘወትር በመስማት ይገኛል።