አቻ ያልሆኑ ጥንዶች በፍቅር ኮሜዲ ፊልሞች ታሪክ

«ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል» የሚለው የቆየ አባባል ጋብቻ የሚጸናው በተመሳሳዮች መካከል መሆኑን ያስተምራል። የፍቅር ኮሜዲ ፊልም ግን ገና ከመነሻው ይህን ትምህርት ይገለብጠዋል። አንዱን ከባለጸጋ አዳራሽ፣ ሌላውን ከጎዳና ያመጣል፤ ምሁሩን ካልተማረችው፣ አለቃዋን ከበታች ሠራተኛዋ ጋር ያፋጥጣል። ሣቁ የሚመነጨውም በሁለቱ መካከል ካለው ርቀት ነው። ርቀቱ በሰፋ መጠን ግጭቱ ይበዛል፤ ግጭቱ በበዛ መጠን ሣቁ ይበረታል፤ በመጨረሻም ሠርግ ይደገሳል።

ተመልካቹ ሥቆና ተደስቶ ከሲኒማ ቤት ከወጣ በኋላ ግን ሁለት ጥያቄዎች ሳይመለሱ ይቀራሉ። በሁለቱ መካከል የነበረው ርቀት እንዴት ተወገደ? ሁለቱ ይቀራረቡ ዘንድ ከስፍራው የተነሣውስ ማን ነው? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የአንድን ፊልም ጥንካሬና ድክመት ከማሳየት አልፎ፣ ፊልሙ የተሠራበት ኅብረተሰብ የትኛው አጥር እንዲታለፍ እንደሚፈቅድና የትኛውን እንደሚከለክል ይመሰክራል። የፍቅር ኮሜዲ ታሪክ በዚህ ዓይን ሲታይ የአጥሮች ታሪክ ነው።

ዘዴው ከሲኒማ በእጅጉ ይቀድማል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት አቴና ውስጥ መጻፍ የጀመረው ሜናንድሮስና እርሱን አርአያ ያደረጉት የሮማ ጸሐፌ ተውኔቶች ፕላውቱስና ቴሬንስ ደጋግመው የተጠቀሙበት አንድ መላ ነበር። የጨዋ ልጅ የሆነ ወጣት አንዲት ድኻ፣ ባዕድ ወይም ባሪያ የምትመስል ልጃገረድ ያፈቅራል። ጋብቻው የማይሆን መስሎ በሚታይበት ሰዓት፣ ልጅቱ በሕፃንነቷ የጠፋች የዜጋ ልጅ መሆኗ በአንድ ቀለበት ወይም በአንድ ጌጥ ምስክርነት ይታወቃል። ይህ የደራሲዎች ጨዋታ ብቻ አልነበረም። በአቴና ከክርስቶስ ልደት በፊት በ451 በወጣው ሕግ መሠረት ዜግነት የሚገኘው አባትም እናትም ዜጋ ሲሆኑ ብቻ ስለ ነበር፣ ትዳሩ ሙሉ መብት ያለው ይሆን ዘንድ የልጅቱ ትውልድ መገለጥ ነበረበት። እንግዲህ ደራሲው አጥሩን አልነካውም፤ ልጅቱ ቀድሞውንም ከአጥሩ ውስጥ እንደ ነበረች አስታወቀ እንጂ። ጥንዶቹ አቻ ያልሆኑ መስለው ታዩ፤ በእርግጥ ግን አቻዎች ነበሩ። ይህ መላ ከሁለት ሺህ ዓመታት በኋላ በሲኒማ ተመልሶ ይገኛል።

በአሜሪካ በ1929 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአክሲዮን ገበያው ከወደቀ በኋላ የተከተለው የኢኮኖሚ ድቀት፣ በ1933 ከሠራተኛው ኃይል አንድ አራተኛ ያህሉን ሥራ አጥ አድርጎት ነበር። ሥራ ፈላጊው በየከተማው ለዳቦ በሚሰለፍበት በዚያ ወቅት የሆሊውድ ስቱዲዮዎች የቱጃር ልጅንና የድኻን ፍቅር የሚያሳዩ ኮሜዲዎችን በብዛት ማውጣት ያዙ። የዘርፉ መሠረት የተጣለውም በ1934 ፍራንክ ካፕራ ባዘጋጀው «በአንድ ሌሊት የሆነ» በተሰኘው ፊልም ነው። ፊልሙ ሳሙኤል ሆፕኪንስ አዳምስ ከጻፈው አጭር ልብ ወለድ ተወስዶ በሮበርት ሪስኪን ለሲኒማ የተጻፈ ሲሆን፣ ክላውዴት ኮልበርትና ክላርክ ጌብል ተጫውተውበታል።

ኤሊ የተባለችው የቱጃር ልጅ አባቷ የተቃወመውን ጋብቻ ለማጽናት በማያሚ ከአባቷ መርከብ ላይ ዘልላ ታመልጥና በሌሊት አውቶቡስ ወደ ኒውዮርክ ትጓዛለች። በአውቶቡሱ ላይ ከሥራው የተባረረ ጋዜጠኛ ያጋጥማታል። ፒተር የተባለው ይህ ሰው ዶናት በቡና እንዴት ተነክሮ እንደሚበላ ያስተምራታል፤ በመንገደኞች ማደሪያ በሁለቱ አልጋዎች መካከል ገመድ ወጥሮ ብርድ ልብስ ይሰቅልና «የኢያሪኮ ግንብ» ብሎ ይሰይመዋል። በፈንታው ደግሞ እርሱ በመንገድ ዳር ቆሞ በአውራ ጣቱ ሊያስቆመው ያልቻለውን መኪና እርሷ ቀሚሷን ከፍ አድርጋ በቅጽበት ታስቆመዋለች። አባትየው ልጁን ላገኘለት ሰው 10,000 ዶላር ለመስጠት ቢያውጅም፣ ፒተር የሚጠይቀው ለመንገድ ያወጣውን 39 ዶላር ከ60 ሳንቲም ብቻ ነው። በፍጻሜውም የመለከት ድምፅ ይሰማና ብርድ ልብሱ ይወድቃል።

ፊልሙ በምርጥ ፊልም፣ በአዘጋጅ፣ በወንድ ተዋናይ፣ በሴት ተዋናይና በጽሑፍ አምስቱን ታላላቅ የኦስካር ሽልማቶች ጠቅልሎ የወሰደ የመጀመሪያው ፊልም ሆነ። የላቀበት ምክንያት ግልጽ ነው። እንደ ጥንቱ ኮሜዲ የተሰወረ ትውልድ አይገልጥም፤ ሁለቱን የሚያቀራርባቸው በአንድ መንገድ ላይ አብረው መራባቸው፣ አብረው መራመዳቸውና አንዱ የሌላውን ዕውቀት መማሩ ነው። የ39 ዶላሩ ሂሳብም የድኻውን ክብር ከማንኛውም ንግግር በላይ ያስረዳል።

ይሁን እንጂ በዚሁ ፊልም ውስጥ ተመልካቹ ቶሎ የሚረሳው አንድ ትርኢት አለ። በአውቶቡሱ ላይ የምትጓዝ አንዲት እናት ከረኃብ የተነሣ ራሷን ስታ ትወድቃለች፤ ትንሽ ልጇም ያለቅሳል። ጥንዶቹ ከነበራቸው ገንዘብ አንሥተው ለልጁ ይሰጡታል። ጥቂት ቆይቶ ሁለቱ ከአውቶቡሱ ወርደው የራሳቸውን መንገድ ይይዛሉ፤ እናትና ልጅ ግን በአውቶቡሱ ላይ ይቀራሉ፤ ፊልሙም ወደ እነርሱ አይመለስም። በመጨረሻ የጋብቻውን በር የሚከፍተውም የቱጃሩ አባት ፈቃድና ገንዘብ ነው። አንድ ድኻ ወደ ባለጸጋው ቤት ገባ፤ በቤቱና በአውቶቡሱ መካከል ያለው ርቀት ግን እንዳለ ቀረ።

ይህ ቅራኔ በ1936 ግሪጎሪ ላ ካቫ ባዘጋጀውና ዊልያም ፖዌልና ካሮል ሎምባርድ በተጫወቱበት «አሽከሬ ጎድፍሬይ» በተባለው ፊልም ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። የኒውዮርክ ባለጸጎች በአንድ የግብዣ ምሽት የማይፈለጉ ዕቃዎችን ፈልጎ የማምጣት ውድድር ያደርጋሉ። በዝርዝሩ ላይ ከሰፈሩት ነገሮች አንዱ «የተረሳ ሰው» ነው፤ ሐረጉም ፍራንክሊን ሩዝቬልት በ1932 በራዲዮ ባደረገው ንግግር የተናቀውን ድኻ ለማመልከት ከተጠቀመበት በኋላ በሕዝብ አፍ የገባ ነበር። አይሪን የተባለችው የቱጃር ልጅ በወንዝ ዳር ከቆሻሻ መጣያ ላይ ጎድፍሬይን አምጥታ ታስመዘግባለች፤ ቀጥሎም የቤቷ አሽከር ታደርገዋለች። አሽከሩ ከጌቶቹ ሁሉ ይልቅ አስተዋይና ጨዋ ሆኖ መገኘቱ የፊልሙ ሣቅም ትችትም ነው።

ነገር ግን ታሪኩ ወደ ጋብቻ በተቃረበ ጊዜ የሜናንድሮስ መላ ተመልሶ ይመጣል። ጎድፍሬይ ድኻ አልነበረም፤ በፍቅር ተጎድቶ ወደ ቆሻሻ መጣያው የወረደ የቦስተን ባለጸጋ ቤተሰብ ልጅ ነው። በመጣያው ስፍራም የምሽት ክበብ አሠርቶ ለቀድሞ ባልንጀሮቹ ሥራ ይሰጣል። ድኾቹ ተኝተውበት በነበረው መሬት ላይ ባለጸጎች ሊጠጡ ይመጣሉ ማለት ነው። በብርቱ ትችት የተጀመረው ሥራ በምጽዋት ተደመደመ።

ትውልድ ከመግለጥ ሌላ ርቀትን የማስወገጃ ሁለተኛው መንገድ ትምህርት ነው። እንግሊዝ ውስጥ የኖረው አየርላንዳዊው ጸሐፌ ተውኔት በርናርድ ሾው ለመጀመሪያ ጊዜ በ1913 በቪየና በታየው «ፒግማልዮን» ተውኔቱ፣ አበባ የምትሸጠውን ኤላይዛን የድምፅ ሊቁ ሂጊንስ የባለጸጎችን አነጋገር ሲያስተምራት አሳይቷል። ሾው ያነሣው ጥያቄ ከባድ ነበር፦ ንግግሯ ከተለወጠ በኋላ ይህች ሴት ወዴት ትሄዳለች? አበባ ወደምትሸጥበት ጎዳና መመለስ አትችልም፤ በሳሎኑም የራሷ የሆነ ነገር የላትም። ስለዚህ መምህርና ተማሪን ማጋባት ጥያቄውን ማፈን መስሎ ታየው። ተመልካቹና ተዋንያኑ ጋብቻውን አጥብቀው በፈለጉ ጊዜም ኤላይዛ ያገባችው ሂጊንስን ሳይሆን ፍሬዲ የተባለውን ወጣት መሆኑን የሚያስረዳ ማብራሪያ በ1916 አክሎ አሳተመ። ፊልሙ ግን በ1938 አንተኒ አስኩዊትና ሌስሊ ሃዋርድ ሲያዘጋጁት ኤላይዛ ወደ ሂጊንስ ቤት ስትመለስ እያሳየ ይዘጋል። ሾው በዚህ ፊልም ጽሑፍ የኦስካር ሽልማት ተካፋይ መሆኑ የታሪክ ፌዝ ይመስላል። የደራሲው ጥያቄ በሲኒማው ልማድ ተሸነፈ።

እስከዚህ የተጠቀሱት ፊልሞች ሁሉ የሀብትና የትምህርት አጥርን የሚመለከቱ ናቸው። ከእነርሱ አልፎ የቆመ፣ ጨርሶ ሊሣቅበትም የማይፈቀድ አጥር ነበር። የአሜሪካ ፊልም አምራቾች በ1930 ያጸደቁትና ከ1934 አጋማሽ ጀምሮ በጥብቅ የሠራው የፊልም ደንብ በነጭና በጥቁር መካከል የሚኖርን የፍቅር ግንኙነት ማሳየትን በግልጽ ከልክሏል። ክልከላው የተሠረዘው ደንቡ በ1956 ሲሻሻል ነው። የቱጃር ልጅ ከሥራ አጥ ጋር በምትዳርባቸው በእነዚያ ዓመታት፣ ጥቁር ተዋንያን በአመዛኙ የሚታዩት ሻንጣ ሲሸከሙ፣ በር ሲከፍቱና ምግብ ሲያቀርቡ ነበር።

ይህን አጥር በግንባር የነካው ታላቅ የሆሊውድ ሥራ በ1967 ማብቂያ የታየው፣ ስታንሊ ክሬመር ያዘጋጀው «ለእራት ማን እንደሚመጣ ገምት» የተሰኘው ፊልም ነው። በዚያው ዓመት ሰኔ 12 ቀን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ16 ክፍላተ ሀገር ጸንተው የነበሩትን የነጭና የጥቁር ጋብቻ ክልከላ ሕጎች ሽሯል። በፊልሙ ሲድኒ ፖይቲየር የሚጫወተው ጥቁር ሐኪም የነጭ ጋዜጣ ባለቤት ልጅ የሆነችውን ወጣት ሊያገባ ይመጣል። አዘጋጁ ከቆዳው ቀለም በቀር ተቃውሞ እንዳይገኝበት በማሰብ ሐኪሙን በዓለም የታወቀ፣ ትሑትና እንከን የለሽ አድርጎ ቀርጾታል። ሐሳቡ ብልህ ነው፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው። ልጅቱ ወጣትና የዋህ መሆኗ ሲበቃት፣ እርሱ ለዚያው ወንበር ታላቅ ሰው መሆን አለበት። የመጨረሻውን የፈቃድ ንግግር የሚያደርገውም ስፔንሰር ትሬሲ የሚጫወተው የልጅቱ አባት ነው። ከዚያ በኋላ ሁሉም ለእራት ሲቀመጡ ምግቡን የምታቀርበው ጥቁሯ የቤት ሠራተኛ ቲሊ ናት። አጥሩ ለአንድ ሐኪም ተከፈተ፤ ወጥ ቤቱ ግን በነበረበት ቀረ።

በሌላ ሥርዓት የተሠሩ ፊልሞችስ? በቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት ቱጃርና የቱጃር ልጅ ስላልነበሩ ኮሜዲው ሌላ ርቀት ፈለገ፤ ያገኘውም በሥልጣንና በጾታ መካከል ነው። ኤልዳር ሪያዛኖቭ በ1977 ባቀረበው «የመሥሪያ ቤት ፍቅር» የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ኃላፊ የሆነች ቆፍጣና ሴትና ሁለት ልጆችን ብቻውን የሚያሳድግ ዓይናፋር ሠራተኛ ይገናኛሉ። ሴትየዋ ሥልጣኗን አትለቅም፤ ሆኖም ለመወደድ አለባበስና አረማመድ ከጸሐፊዋ መማር ይኖርባታል። ቭላድሚር ሜንሾቭ ያዘጋጀው በ1980 የታየው «ሞስኮ በእንባ አታምንም»ም ከሠራተኛነት ተነሥታ የፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ የሆነችው ካቴሪና በከተማ ዳር ባቡር ላይ ጎሻ የተባለ የእጅ ባለሙያ ስታገኝ ሥልጣኗን ትደብቀዋለች። እርሱም ባወቀ ጊዜ ተቀይሞ ይሰወራል። ሕጉ ለሴቲቱ የሥራ አስኪያጅነቱን ወንበር ሰጥቷታል፤ በማዕድ ዙሪያ ያለው ልማድ ግን ገና አልተቀበላትም። ፊልሙ ይህን ቅራኔ አልሸሸገም፤ ኃይሉም ከዚህ ይመነጫል። ሰውየው ተፈልጎ ሲመለስ የሚቀርበት ነገር ባለመኖሩ ግን ይደክማል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ የፍቅር ኮሜዲን የሚንቅ አይደለም። ሣቅ አጥር መኖሩን ለሰፊው ተመልካች ከስብከት ይልቅ ፈጥኖ ያሳያል፤ የኢያሪኮ ግንብ ከብርድ ልብስ የተሠራ መሆኑን ያየ ሰው ሌሎች ግንቦችም ከምን እንደ ተሠሩ መጠየቅ ይጀምራል። ደካማው ሥራ ድኻውን ባለጸጋ፣ ባዕዷን ዜጋ፣ ጥቁሩን እንከን የለሽ አድርጎ ርቀቱ አልነበረም ይላል። ብርቱው ሥራ ሁለቱም ከየስፍራቸው እንዲነሡ ያስገድዳል፤ የተነሡበትንም ስፍራ አይረሳም። ስለሆነም ስለ ፊልም የሚያስተምር መምህርም ሆነ አዲስ ኮሜዲ የሚጽፍ ከያኒ ከሠርጉ ትርኢት ባሻገር ሊመለከት ይገባዋል። ጥንዶቹ ከአውቶቡሱ ወርደዋል፤ የተራበችው እናትና ልጇ ግን ዛሬም በመቀመጫቸው ላይ ናቸው።