የሙቀት ሽኝት ደረጃ፦ ለቀጥታ ርጭት ሞተር ካንዴላ ሲመረጥ

አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ካንዴላ ሊገዛ የሄደ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ ኦርጂናል መሆኑንና ዋጋውን። ሻጩም «ጋሼ፣ ኢሪዲየም ነው፤ አንዴ ካስገቡት ይረሱታል» ይላል፣ ነገሩም እዚያው ያልቃል። ካርቶኑ ላይ ከተደረደሩት ፊደሎች መሃል የተሸጎጠችውን አንዲት ቁጥር የሚያነሳት የለም። የቀድሞው ዓይነት ሞተር ላይ ይህች ቁጥር በአንድ ደረጃ ብትዛነፍ ብዙ ጊዜ ማንም ሳያውቅ ያልፋል። ቤንዚን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ በሚረጭበት ሞተር ላይ፣ በተለይ ቱርቦ ካለው፣ መዘዟ ፒስቶን እስከ መብሳት ሊደርስ ይችላል።

ቁጥሯ የምትገልጸውን ነገር አምራቾቹ «ሂት ሬንጅ» ይሉታል። «የሙቀት መጠን» ብሎ የተረጎመው ሰው ካንዴላው የሚያወጣው ብልጭታ ምን ያህል እንደሚሞቅ የተነገረው ይመስለዋል፤ ቁጥሯ ግን ስለ ብልጭታው አንዳች አትናገርም። የምትናገረው ካንዴላው ከሚነደው ነዳጅ የተቀበለውን ሙቀት ምን ያህል ቶሎ ወደ ቴስታታው እንደሚያሳልፍ ነው። ስለዚህ «የሙቀት ሽኝት ደረጃ» ብንለው ይሻላል ባይ ነኝ። እንግዳውን ቶሎ የሚሸኝ ቤት አለ፤ አስቀምጦ የሚያቆይም አለ። ካታሎጎች «ሆት» የሚሉት ካንዴላ ሙቀት ያዥ ነው፣ «ኮልድ» የሚሉት ደግሞ ሙቀት ሸኚ። ከዚህ በኋላ ያዥና ሸኚ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ልዩነቱ የሚመጣው ከነጩ ሸክላ ነው። በካንዴላው አፍ በኩል ስናይ መሃለኛውን ሽቦ ከቦ የሚታየው የሸክላ ጫፍ ረጅም ከሆነ፣ ሙቀቱ ወደ ብረቱ አካልና ወደ ጥርሱ ለመድረስ ረጅም መንገድ ይጓዛል፤ ስለዚህ ጫፉ እንደጋለ ይቆያል። ይህ ያዥ ነው። የሸክላው ጫፍ ሲያጥር መንገዱም ያጥራል፤ ሙቀቱ በጥርሱና በሮንዴላው በኩል ቶሎ ወደ ቴስታታው፣ ከዚያም ወደ ራዲያተሩ ውሃ ይሄዳል። ይህ ሸኚ ነው። በሁለት ተከታታይ ደረጃዎች መካከል በጫፉ ላይ የሚኖረው ልዩነት ከ70 እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይገመታል።

ጫፉ ሥራውን በደንብ የሚሠራው በግምት ከ450 እስከ 850 ዲግሪ ባለው ክልል ውስጥ ነው። ከዚያ በታች ሲሆን ጥላሸቱን አቃጥሎ ራሱን ማጽዳት ያቅተዋል፤ ካርቦን ይለብሳል፣ ካርቦኑ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ብልጭታውም በክፍተቱ መዝለሉ ቀርቶ በሸክላው ላይ ሾልኮ ይጠፋል። ከክልሉ በላይ ሲዘልቅ ደግሞ ጫፉ ራሱ ይፈምና ኮምፒዩተሩ «አሁን» ሳይል ነዳጁን ያቀጣጥለዋል። ፒስቶኑ ገና ወደ ላይ እየወጣ ሳለ ከላዩ እሳት ይነሳል ማለት ነው። ይህን ቀድሞ መቀጣጠል ልንለው እንችላለን፤ ፒስቶን የሚበሳው በዚህ ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሯ እንመለስ፤ ትልቁ ወጥመድ እዚህ ነውና። ኤንጂኬና ዴንሶ የተባሉት ሁለቱ የጃፓን አምራቾች ቁጥሩ በጨመረ መጠን ሸኚነቱ ይጨምራል ብለው ይጽፋሉ። የኤንጂኬ 6 ከዴንሶ 20 ጋር፣ 7 ደግሞ ከ22 ጋር ይመጣጠናል። ቦሽና ሻምፒዮን ግን በተቃራኒው ነው የሚቆጥሩት፤ እነሱ ዘንድ ቁጥሩ ሲጨምር ያዥነቱ ይጨምራል። በነገራችን ላይ ቦሽ ራሱ ቀድሞ 175፣ 225 እያለ በትልልቅ ቁጥሮች ሲጽፍ ትልቁ ቁጥር ሸኚውን ነበር የሚያመለክተው፤ በኋላ ነው የገለበጠው። እንግዲህ ኤንጂኬ ባለ 7 ከሞተሩ የፈታ ሰው «ያው ሰባት ነው» ብሎ ቦሽ ባለ 7 ቢያስገባ፣ ከነበረው ይልቅ ሙቀት ያዥ የሆነ ካንዴላ አስገባ ማለት ነው። ጥርሱ ይገጥማል፣ ሞተሩ ይነሳል፣ ከተማ ውስጥም ደህና ይሄዳል። ጉዱ የሚታየው ሰው ጭኖ ረጅም ዳገት ሲወጣ ነው።

ኮዱን ማንበብ ያን ያህል ከባድ አይደለም። ኤንጂኬ «ቢኬአር 6 ኢ 11» ብሎ ሲጽፍ፣ «ቢ» የጥርሱን ስፋት (14 ሚሊ ሜትር)፣ «ኬ» 16 ቁጥር መፍቻ የሚፈልግ መሆኑን፣ «አር» የሬዲዮ ረብሻ የሚቀንስ ሬዚስተር ውስጡ እንዳለ ይናገራል። 6 የሙቀት ሽኝት ደረጃው ነው። «ኢ» የጥርሱ ርዝመት 19 ሚሊ ሜትር መሆኑን፣ 11 ደግሞ ክፍተቱ 1.1 ሚሊ ሜትር መሆኑን ያሳያል። ዴንሶ «ኤስኬ 20 አር 11» ሲልም 20 ሽኝቱ፣ 11 ክፍተቱ ነው።

ቀጥታ ርጭት ለዚህች ቁጥር ይህን ያህል ክብደት የሰጣት ለምንድን ነው? ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን አውሮፕላን ሞተሮች ይጠቀሙበት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1954 የታየው መርሰዲስ 300 ኤስኤልም በቦሽ ፖምፓ ቤንዚኑን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ይረጭ ነበር። ወደ ብዙኃኑ መኪና የተሻገረው ግን ሚትሱቢሺ እ.ኤ.አ. በ1996 ጋላንትን በ«ጂዲአይ» ሞተር ሲያወጣ ነው። ከዚያ ቶዮታ «ዲ ፎር»፣ ፎልክስዋገን «ኤፍኤስአይ» በኋላም «ቲኤስአይ»፣ ፎርድ «ኢኮቡስት» እያሉ ተከተሉ። ስሙ ቢለያይም ነገሩ አንድ ነው። በተለመደው ሞተር ቤንዚኑ ከቫልቩ በስተጀርባ በ3 ወይም 4 ባር ግፊት ይረጭና ከአየር ጋር ተዋህዶ ይገባል። በቀጥታ ርጭት ግን ቫልቩ የሚያስገባው አየር ብቻ ነው፤ ቤንዚኑ እስከ 200፣ በአዳዲሶቹ እስከ 350 ባር በሚደርስ ግፊት በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል።

ይህ ካንዴላውን በሁለት በኩል ያስጨንቀዋል። የተረጨው ቤንዚን ሲተን ውስጡን ስለሚያቀዘቅዘው መሐንዲሶቹ አየሩን የበለጠ ለመጭመቅና ቱርቦውን ለማበርታት ደፈሩ። ነዳጅ ሲረገጥ ሙቀቱ እጅግ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ሸኚ ካንዴላ ያስፈልጋል። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ በሚኒሞ ሲሠራ ወይም በመንገድ መዘጋጋት ውስጥ ሲንፏቀቅ ደግሞ፣ ቤንዚኑ ለመትነን ጊዜ አጥቶ ፒስቶኑን ያረጥባል፣ ጥላሸት ያበዛል፤ አሁን ደግሞ የሚያስፈልገው ራሱን የሚያጸዳ ያዥ ነው። ሁለቱን የሚያስታርቀው ክልል ጠባብ ነው። የመጀመሪያዎቹ ጂዲአይ ሞተሮች ካንዴላ በጥላሸት በመልበስ የታወቁት፣ ነዳጁን በፒስቶኑ ጉድጓድ እያዞሩ ወደ ካንዴላው ዙሪያ ብቻ ይሰበስቡት ስለነበር ነው። ዛሬ አምራቹ ለሞተሩ የመረጠው ደረጃ ብዙ ሙከራ ያለፈበት ሚዛን ነው፤ «ለጥንቃቄ ትንሽ ሸኚ ላድርገው» የሚለው ምክር ጥንቃቄ አይደለም። ሞተሩ በኮምፒዩተር ጉልበት የተጨመረለት ከሆነ ብቻ አንድ ደረጃ ሸኚ ማድረግ ተገቢ ይሆናል።

በቱርቦና በቀጥታ ርጭት በሚሠሩ ትንንሽ ሞተሮች ላይ ሌላ ክፉ ጠባይም አለ። በዝቅተኛ ዙር ላይ ሆነው ነዳጅ ሲረግጡ፣ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ የተቀላቀለ የዘይትና የቤንዚን ጠብታ ወይም የተላቀቀ ካርቦን ሳይታሰብ ይቀጣጠልና ሞተሩን እንደ መዶሻ ይመታዋል። አምራቾች «ሎው ስፒድ ፕሪ ኢግኒሽን» ይሉታል። ለዚህኛው ዋናው መድኃኒት ዘይቱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የመጣው የኤፒአይ «ኤስፒ» የዘይት ደረጃ ከያዛቸው ፈተናዎች አንዱ ይኸው ነው። ካንዴላ ቀይሮ ዘይቱን ርካሽ ማድረግ ግማሽ ሥራ ነው።

ክፍተቱም ከሽኝቱ ቀጥሎ ይታያል። አየሩ በተጨመቀ ቁጥር ብልጭታ ለመዝለል ይከብደዋል፤ ቱርቦ ያላቸው የቀጥታ ርጭት ሞተሮች ብዙውን ጊዜ 0.7 ወይም 0.8 ሚሊ ሜትር ክፍተት የሚፈልጉት ለዚህ ነው። ካንዴላው እየተበላ ክፍተቱ ሲሰፋ ኮይሉ የበለጠ ቮልት እንዲያመነጭ ይገደዳል፤ መጀመሪያ ሞተሩ ዳገት ላይ ይቆራረጣል፣ ከዚያ ኮይሉ ይቃጠላል። ባለቤቱ ኮይል ይገዛል፤ አሮጌዎቹን ካንዴላዎች ግን መልሶ ያስራቸዋል። በኔ ግምት ኮይል ደጋግሞ ከሚያስቀይሩ ምክንያቶች ዋነኛው ይህ ነው።

ስለ ብረቱ ብዙ አልልም። ኢሪዲየም በ2446 ዲግሪ፣ ፕላቲነም በ1768፣ ኒኬል በ1455 ዲግሪ ይቀልጣሉ፤ ስለዚህ ኢሪዲየሙ እጅግ ቀጭን ተሠርቶም ሳይበላ ይቆያል፣ ቀጭን መሆኑም ብልጭታውን በአነስተኛ ቮልት ያዘልለዋል። ጥሩ ነው። ነገር ግን ኢሪዲየም የዕድሜ ጉዳይ ነው፤ የተሳሳተ የሽኝት ደረጃ ያለው ኢሪዲየም ረጅም ዕድሜ ያለው ስህተት ነው። ስስ ጫፉን በሽቦ ብሩሽ መፈተግና ክፍተቱን በግድ ማጥበብም ያበላሸዋል።

አገጣጠሙ ላይ ግን ጠንቀቅ ይበሉ። በአንዳንድ ሞተሮች ነዳጅ መርጫው ከካንዴላው ጎን፣ ከቴስታታው መሃል ላይ ነው። የካንዴላው ጎበጥ ያለ የብረት ክንድ ወደ መርጫው ዞሮ ከቆመ ጭጋጉን ይከልለዋል ወይም ራሱ ይረጥባል። ስለዚህ አምራቹ የጥርሱን መነሻ ይለካና በታዘዘው ኃይል ሲጠብቅ ክንዱ በትክክለኛው አቅጣጫ እንዲቆም አድርጎ ይሠራዋል። ሮንዴላው አንዴ ከተጨፈለቀ ወይም እጅ በለመደው ልክ ከተጠበቀ ግን ያ ልኬት ይጠፋል። 14 ሚሊ ሜትር ጥርስና ሮንዴላ ላለው ካንዴላ በአብዛኛው ከ25 እስከ 30፣ ለ12 ሚሊ ሜትሩ ከ15 እስከ 20 ኒውተን ሜትር ይታዘዛል። ቶርክ ሬንች የሌለው ጋራዥ እንዲህ ያለ ሞተር ባይነካ ይመረጣል። ጥርሱ ላይ ግሪስ ወይም ቅባት መቀባትም አያስፈልግም፤ ቅባቱ ያንሸራትተውና በዚያው ኃይል ከመጠን በላይ ይጠብቃል።

መኪናው ስለሚነዳበት ቦታም የሚነሳ ጥያቄ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ውስጥ የካንዴላው ጫፍ በባሕር ዳርቻ ካለው ይልቅ ቀዝቀዝ ብሎ ይሠራል፣ ለጥላሸትም ይጋለጣል። በዱባይ ወይም በሪያድ የበጋ ሙቀት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ይህን ሰምቶ በየአገሩ ደረጃ መቀያየር ግን አያስፈልግም፤ ቱርቦው የሳሳውን አየር በከፊል ያካክሳል፣ ኮምፒዩተሩም ነዳጁንና የማቀጣጠያውን ሰዓት ያስተካክላል። ደግሞም ከአዲስ አበባ ተነስቶ አፋር የሚወርድ መኪና መንገድ ላይ ካንዴላ አይቀይርም። የመቀየሪያው ጊዜም እንደ ሞተሩ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲና ኡበር የሚነዱ ወገኖቻችን የሚያውቁት እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ያለው ባለ 2.5 ሊትር ካምሪ ቱርቦ የለውም፤ ከቫልቩ በስተጀርባም በቀጥታም ይረጫል፣ ቶዮታም ለካንዴላው እስከ 120 ሺህ ማይል ይፈቅድለታል። ቱርቦ ላላቸው ብዙ ሞተሮች ግን የሚታዘዘው 60 ሺህ ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። የአንዱን ቁጥር ለሌላው ማዋል አይሆንም። በአገር ቤት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ ያሉት መኪኖች ከአምራቹ ግምት በላይ ሊነዱ ነው፤ ይህ ጉዳይም ከእነሱ ጋር ይቆያል።

ለመግዛት ሲሄዱ የፈቱትን ካንዴላ ብቻ ይዘው አይሂዱ፤ ከእርስዎ በፊት የነበረው ባለቤት የተሳሳተ አስገብቶበት ሊሆን ይችላል። የሻንሲ ቁጥሩንና የሞተሩን ኮድ ይዘው በአምራቹ ካታሎግ ይፈልጉ። የካንዴላው ኮድ ከካርቶኑ ላይ ብቻ ሳይሆን ከሸክላው ላይም ይነበብ፤ ፎርጅድ ካንዴላ ብዙ ጊዜ ካርቶኑ ያማረ ነው። መካኒኩም ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ይፍታ፣ የፈታቸውንም በሲሊንደር ተራቸው ይደርድራቸው። ሦስቱ ግራጫ ወይም ቡናማ ሆነው አንዱ በዘይት ከረጠበ፣ ወይም ሸክላው ነጥቶ አረፋ መሰል ነጠብጣብ ካወጣ፣ አዲሱን ከማስገባት በፊት የሚፈተሸው ያ ሲሊንደር ነው።