የዳሞት ንጉሥ ዳግም ልደት

ከደምበጫ እስከ ቡሬ ባለው አገር ዳሞት የሚለው ስም እስከ ዛሬ ይጠራል። ዳሞት ቀድሞ ከዓባይ በስተደቡብ የነበረ መንግሥት ነው፤ ከ16ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ሕዝቡ በጦርነት ምክንያት ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ሲገባ ስሙም አብሮት ተሻገረ።

የዚያን መንግሥት ንጉሥ ሞተለሚን የአባታችን የተክለ ሃይማኖት ገድል ያነሣዋል። ጣዖት አምላኪው ሞተለሚ ሸዋን ወርሮ የካህኑን የጸጋ ዘአብን ሚስት እግዚእ ኀረያን ማረከ፤ ሊያገባትም አሰበ። እርሷ ግን በቅዱስ ሚካኤል ረዳትነት ወደ ባሏ ተመለሰች፤ ተክለ ሃይማኖትንም ወለደች። በ13ኛው መቶ ዓመት ይህ ልጅ ዳሞት ወርዶ ወንጌልን ሰበከ፤ የእናቱንም ማራኪ አስተምሮ አጠመቀው።

ጌታችን ለኒቆዲሞስ የነገረው ዳግመኛ መወለድ በዚህ ታየ። ሞተለሚ የምርኮኛይቱን ልጅ የነፍስ አባቱ አደረገ፤ ተክለ ሃይማኖትም ቂም ሳይዝ የእናቱን በዳይ በመንፈስ ወለደው።

እኛ በ40 እና በ80 ቀናችን ስለ ተጠመቅን ልደታችንን አናስታውሰውም፤ በሥራችን ግን ልናሳየው ይገባናል። ደም የተቃባነው ጎረቤት ቢኖር ሽማግሌ ልከን እንታረቅ። እግዚአብሔር ለዚህ ያብቃን፤ አሜን።