የኮርኒሱ ነገር፦ አሮጌ ቤት ከመግዛትዎ በፊት

የአክስቴ ልጅ የሚኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። ባለፈው ዓመት ለእናቱ ወልቂጤ ላይ አንድ አሮጌ ቤት ልንገዛ ስንነሳ በስልክ ያቀረበልኝ የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ካርታው አልነበረም።

«ጋሼ፣ ኮርኒሱ ከምንድን ነው የተሠራው?»

ሕግ የተማርኩ ሰው ነኝ። ስለ ካርታ፣ ስለ ግብር፣ ስለ ዕዳና እገዳ ብጠየቅ መልስ ነበረኝ። ኮርኒስ ግን ከነጭራሹ ቀና ብዬ አላየሁም። «ችፑድ መሰለኝ» አልኩት። «መሰለኝ አትበለኝ፤ ሄደህ እይልኝ» አለኝ።

ልጁ እንዲህ ያለው ያለ ምክንያት አይደለም። እሱ እዚያ የገዛው ቤት የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ግንበኞች ኮርኒስን በመርጫ ማሽን ሸካራ አድርገው ይለብጡት ነበር። ጉርብጥብጥ ስለሚል ፈረንጆቹ ራሳቸው «የፈንዲሻ ኮርኒስ» ይሉታል። ስንጥቅ ይሸፍናል፣ ድምፅ ያፍናል፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። ክፋቱ በሚረጨው ልባጥ ውስጥ ብዙ ጊዜ አስቤስቶስ ይደባለቅ የነበረ መሆኑ ነው። የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1973 አስቤስቶስ ያለበት ርጭት ለእሳትና ለሙቀት መከላከያ እንዳይውል ከለከለ። ለጌጥ የሚረጨውን የከለከለው ግን በ1978 ነው። መጋዘን ውስጥ የቀረው ክምችት ሥራ ላይ ይውል ስለነበር እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ ቤቶችም ይጠረጠራሉ።

የሚገርመው የሕጉ ነገር ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ከ1978 በፊት የተሠራ መኖሪያ ቤት የሚሸጥ ሰው ስለ እርሳስ ቀለም የሚያውቀውን ለገዢው እንዲናገር ያስገድዳል። ስለ አስቤስቶስ ግን እንዲህ ያለ የፌዴራል ግዴታ የለም። የአክስቴን ልጅ ያዳነው ቤቱን ያየለት መርማሪ ነው። «ሳታስመረምር እንዳትፍቀው» አለው። ከኮርኒሱ በውኃ ረጥቦ የተወሰደ ቁራሽ ላቦራቶሪ ሄደ፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ አስቤስቶስ ተገኘበት (እዚያ አገር ከ1 በመቶ በላይ ከሆነ አስቤስቶስ አለበት ይባላል)። ልጁ ቅዳሜና እሁድ መሰላል ላይ ወጥቶ ራሱ ሊፍቀው አስቦ ነበር። አሁን ኮርኒሱ እንዳለ ነው፤ ከሥሩ በጂፕሰም ቦርድ ተሸፍኗል።

አስቤስቶስ ከመሬት የሚወጣ፣ እንደ ክር የሚተረተር ማዕድን ነው። እሳት አይበላውም፣ አይበሰብስም። ዓለም የወደደው በዚህ ጠባዩ ነበር፤ ሰው የሚጨርሰውም በዚሁ ነው። ዓይን የማያያቸው ክሮቹ ሳንባ ውስጥ ከገቡ ሟሙተው አይጠፉም። የዓለም ጤና ድርጅት ሁሉም ዓይነት አስቤስቶስ ካንሰር እንደሚያመጣ ይናገራል፤ በሥራ ቦታ በመጋለጥ ብቻ በዓመት ከ200 ሺህ በላይ ሰው እንደሚሞትም ይገምታል። ሜሶቴሊዮማ የተባለው የሳንባ ሽፋን ካንሰር ከመጋለጥ በኋላ ከ20 እስከ 50 ዓመት ቆይቶ ነው ብቅ የሚለው። ልብ በሉ፤ ሳይነካ፣ ሳይሰበር የተቀመጠ ነገር አቧራ አያወጣም። ጉዳቱ የሚመጣው ሲፋቅ፣ ሲቆረጥ፣ ሲበሳና ሲፈርስ ነው።

እናም ወልቂጤ ሄድኩ። እንደ አብዛኛው የወልቂጤና የቡታጅራ አሮጌ ቤት የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ነው። የሳሎኑ ኮርኒስ በእርግጥም ችፑድ ነበር፤ የጓዳው አቡጀዴ በኖራ የተቀባ። ችፑድ እንጨትና ሙጫ ነው፣ አቡጀዴም ጨርቅ ነው። አሁን አሁን የሚሠራው የጀሶ ኮርኒስ ሌላ ነገር ነው። የሜሪላንዱ ፈንዲሻ በእኛ ቤቶች ጣሪያ ሥር የለም ብዬ ልደውልለት ስል ጓሮ ያለውን ሰርቪስ አየሁት። ጣሪያው ግራጫ፣ ወፍራም፣ ሞገድማ ንጣፍ ነው። የማዕድ ቤቱ ኮርኒስም ከዚያው ዓይነት ለጥ ካለ ሰሌዳ የተሠራ፣ ጥግ ጥጉ የተሰነጠቀ። ሻጩ አባቱ ከፈረሰ መጋዘን በጨረታ እንደገዙት ነገረኝ። «ኤተርኒት ነው፤ ዝገት አያውቀውም!» አለኝ በኩራት።

እውነቱን ነው፤ አይዝግም። ሉድቪግ ሃቼክ የተባለ ኦስትሪያዊ እ.ኤ.አ. በ1901 ሲሚንቶና አስቤስቶስ ቀላቅሎ ለመሥራት የባለቤትነት መብት ሲያወጣ ስሙን ከላቲኑ «ዘላለማዊ» ከሚለው ቃል ነበር የወሰደው። በአሮጌው ኤተርኒት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው አስቤስቶስ ነው። ከቆርቆሮ በውፍረቱ ይለያል፤ በጣት ሲያንኳኩትም እንደ ቆርቆሮ አይጮህም። ከኋላ የመጡ፣ አስቤስቶስ የሌለባቸው የሲሚንቶ ንጣፎች ግን ቁርጥ እሱኑ ይመስላሉ። በዓይን የሚለይ የለም፤ «እኔ አውቀዋለሁ» የሚል አናጢ ቢያጋጥምዎ አይመኑት። የላቦራቶሪ ወረቀት እስከሌለ ድረስ አስቤስቶስ እንዳለበት ቆጥሮ መያዝ ነው።

የጉራጌ አገር ሰው ቤት የሚያድሰው መቼ እንደሆነ ይታወቃል፤ ለመስቀል ነው። አዲስ አበባ ያለውም፣ ውጭ ያለውም ስለሚገባ ነሐሴ ላይ መዶሻ የማይሰማበት ግቢ የለም። ቀን ሠራተኛ ይጠራል፣ አሮጌው ኮርኒስ በአንድ ቀን ይወርዳል፣ ሴቶቹ አቧራውን በደረቅ መጥረጊያ ይጠርጉታል፣ ልጆቹ ስብርባሪውን ይጫወቱበታል፣ የተረፈው በር ላይ ላለው ጉድጓድ መሙያ ይሆናል። ኤተርኒት ባለበት ግቢ ከዚህ የከፋ አሠራር ሊታሰብ አይችልም።

ደህና ከሆነ አይንኩት። ቀለም ቀብተው ወይም ከሥሩ ሌላ ኮርኒስ ገጥመው መተው ይቻላል፤ ሲገጥሙ ግን እሱን ሳይበሱ ይሁን። ጣሪያውን በብረት ብሩሽ አያስፍቁ። መነሳት ካለበት በውኃ እየረጠበ፣ ምስማሩ ተነቅሎ፣ ሳይሰበር ሙሉውን ይውረድ፤ በመጋዝና በግራይንደር መቁረጥ ክልክል ይሁን። ወለሉ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል። በነጠላ አፍን መሸፈን፣ የኮሮና ጊዜ ማስክ ማድረግም አይረዳም፤ ኤፍኤፍፒ3 የሚባለው የአቧራ ጭንብል ያስፈልጋል። ሠራተኛው የለበሰውን ልብስ ለብሶ ቤቱ አይሂድ፤ በዓለም ላይ የባሎቻቸውን የሥራ ልብስ በማጠብ ብቻ የታመሙ ሚስቶች አሉ። የወረደው በወፍራም ፕላስቲክ በድርብ ይጠቅለል። አደገኛ ቆሻሻን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 1090/2010 አለን፤ ስለዚህ ከመጣልዎ በፊት የከተማውን የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። ለጎረቤት የዶሮ ቤት መሥሪያ ግን አይስጡ።

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። በቤት ሽያጭ ውሎቻችን ውስጥ የማትቀር አንዲት ሐረግ አለች፤ «ተከራካሪ ቢመጣ ተከራክሬ አስረክባለሁ» የምትለው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2282 እሷ ባትጻፍም ሻጩን ለዚህ ዋስ ያደርገዋል። ማንም የማይጽፈው ስለ ጉድለት ነው። አንቀጽ 2287 የተሸጠው ነገር ከጉድለት ነፃ መሆኑንም ሻጩ ዋስ እንዲሆን ያዛል። ነገር ግን ገዢው እያወቀ የገዛውን፣ ወይም ማንም ሊያየው የሚችለውን ጉድለት በኋላ አያነሳም። ጉድለቱን ካስታወቀ በኋላም በአንድ ዓመት ውስጥ ካልከሰሰ፣ ሻጩ ሆን ብሎ ካላታለለው በቀር፣ መብቱን ያጣል። የሻጭ ጠበቃ ብሆን «ቤቱ ቆሟል፣ ዝናብ አያስገባም፣ የቱ ነው ጉድለቱ?» ብዬ እከራከር ነበር። አያያዜም መጥፎ አይሆንም።

ጊዜና ይህ በሽታ አይግባቡም። ጣሊያን ካዛሌ ሞንፌራቶ ውስጥ የነበረው የኤተርኒት ፋብሪካ የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። የቶሪኖ ፍርድ ቤት በ2012 የኩባንያውን የቀድሞ ባለሀብት ጥፋተኛ ቢለውም፣ ሰበር ሰሚው ችሎት በ2014 ክሱ በይርጋ ቀርቷል ብሎ ፍርዱን ሻረው። ሰው ግን መታመሙን አላቆመም።

ስለዚህ ውሉ ላይ አንድ አንቀጽ ጨመርኩ። የሰርቪሱ ጣሪያና የማዕድ ቤቱ ኮርኒስ ኤተርኒት መሆኑን ሻጩ ያውቃል፣ ሌላ ቦታ ላይ ግን እንደሌለ ያረጋግጣል፤ ለማስነሻ የሚሆን ገንዘብም ከዋጋው ተቀንሷል የሚል። ደላላው ሳቀ፤ ሻጩ ግን ሁለት ቀን አስቦበት ፈረመ። ሲመዘገብ መዝጋቢው አንቀጹን ሁለት ጊዜ አነበበውና «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለኝ። ነገርኩት። የእሱም እናት ቤት ማዕድ ቤት ቡታጅራ ውስጥ እንዲሁ ግራጫ ኮርኒስ አለው፤ ለመስቀል ሊያፈርሰው ሰው ተነጋግሮ ነበር።