ራስጌውን የጻፈው ማን ነው? የአንድ አሮጌ የሰርቨር ስሕተት ታሪክ

በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳስብ።

ነገሬን በአንድ ገጠመኝ ልጀምር። ከዓመታት በፊት አንድ ተማሪዬ ለውጭ አገር የትምህርት ዕድል አመልክቶ የድጋፍ ደብዳቤ ጻፍሁለት። ደብዳቤውን በኢሜይል ብልክም አልደረሰም፤ ቀነ ገደቡም አለፈ። ሲጣራ ጥፋቱ የተገኘው ስሙን በማልጠራው መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ባለች የአስተያየት መስጫ ቅጽ ነበር። አንድ የማይታወቅ ሰው «የኢሜይል አድራሻዎ» በሚለው ሳጥን ውስጥ ከአድራሻው ቀጥሎ የአዲስ መስመር ምልክት ያስገባል፤ ከምልክቱ በኋላም የብዙ ተቀባዮችን አድራሻ ይደረድራል። ሰርቨሩ ይህን የራሱ ትእዛዝ አድርጎ ስለሚቆጥረው በመሥሪያ ቤቱ ስም የማጭበርበሪያ መልእክት ሲረጭ ከረመ። የውጭ አገር ሰርቨሮችም ከዚያ አድራሻ የሚመጣውን ሁሉ፣ የእኔን ደብዳቤ ጨምሮ፣ ማገድ ጀመሩ። ዛሬ የምተርክላችሁ የዚህን ስሕተት ታሪክ ነው።

አንድ ኮምፒውተር ለሌላው የሚልከው መልእክት ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ራስጌ ነው፤ ላኪው፣ ተቀባዩ፣ የይዘቱ ዓይነትና መልእክቱ እንዴት ይያዝ የሚለው ትእዛዝ በዚያ ይሰፍራል። ሁለተኛው ዋናው አካል ነው። በራስጌው ውስጥ አንዱን ትእዛዝ ከሌላው የሚለየው የመስመር መጨረሻ ብቻ ነው። ራስጌውን ከአካሉ የሚለየውም አንድ ባዶ መስመር ነው። የሥርዓቱ አጥር ይኸው ነው።

ይህ አጥር ከየት መጣ? በዕድሜ የምትቀርቡኝ የጽሕፈት መኪናን ታስታውሳላችሁ። መስመሩ ሲያልቅ ደወል ይጮኻል፤ እጀታውን ገፍተን ተንሸራታቹን ወደ ዳር እንመልሳለን፤ ወረቀቱም አንድ መስመር ከፍ ይላል። ሁለቱ እንቅስቃሴዎች በ1963 በወጣው አስኪ በተባለው የፊደላት ኮድ ውስጥ ሁለት ቁጥሮች ተሰጧቸው፦ ለመመለሻው 13፣ ለአዲሱ መስመር 10። ዓላማቸው የቴሌታይፕ መሣሪያን ማንቀሳቀስ ነበር፤ ሥልጣን የመለየት ሥራ ግን አልተሰጣቸውም።

ሥልጣኑ የመጣው በኋላ ነው። በ1982 የወጣው የኢሜይል ደንብ የራስጌን መስመሮች በእነዚህ ሁለት ምልክቶች ለየ። ቲም በርነርስ ሊ በ1991 ያስተዋወቀው የመጀመሪያው የድረ ገጽ ፕሮቶኮል ራስጌ አልነበረውም፤ ገጹ ይጠየቃል፣ ገጹ ይላካል፣ በዚያው ያበቃል። በግንቦት 1996 የታተመው ኤችቲቲፒ 1.0 ግን የኢሜይሉን ልማድ ወረሰ። የማተሚያ መሣሪያ ማንቀሳቀሻ የነበረው ምልክት እንዲህ ባለ መንገድ የመተማመን ወሰን ሆነ።

ችግሩ ሰርቨሮች ከተጠቃሚ የሚቀበሉትን ቃል በራስጌ ውስጥ መጻፍ ሲጀምሩ ተገለጠ። አንድ ድረ ገጽ «የሚፈልጉትን ቋንቋ ይምረጡ» ይላል እንበል። ሰርቨሩ የመረጥነውን ቃል ወስዶ «ወደዚህ አድራሻ ሂድ» በሚለው የራስጌ መስመር ይጽፈዋል። ተንኮለኛው ታዲያ ከቋንቋው ስም ቀጥሎ 13ንና 10ን በስውር ያስገባል። መስመሩ ይቆረጣል፤ ተከትሎ የተጻፈው በሰርቨሩ ስም የወጣ አዲስ ትእዛዝ ይሆናል። ምልክቱን ከደገመው ደግሞ ራስጌው ያልቅና አካሉን ራሱ መጻፍ ይጀምራል።

በመጋቢት 2004 አሚት ክላይን የተባለ ተመራማሪ ነገሩ ከዚህም እንደሚከፋ በጽሑፍ አሳየ። አጥቂው የመጀመሪያውን ምላሽ ዘግቶ ሁለተኛ ሙሉ ምላሽ ሊፈጥር ይችላል። በመካከል ያለ የገጾችን ቅጂ የሚያስቀምጥ ሰርቨር ያን ሐሰተኛ ምላሽ እውነተኛ ገጽ መስሎት ካስቀመጠው፣ ከዚያ በኋላ ገጹን ለሚጠይቅ ሁሉ ያድለዋል። አንድ ሰው የጻፈው ሐሰት በታመነው ድረ ገጽ ስም ለብዙዎች ይደርሳል ማለት ነው።

መድኃኒቱ ቀስ እያለ መጣ። በጥር 2006 የወጣው ፒኤችፒ 5.1.2 በአንድ ጥሪ ከአንድ በላይ ራስጌ መላክን ከለከለ። አፓቺ የተባለው የታወቀ ሰርቨር ደንቡን ያልጠበቁ ጥያቄዎችን በጥብቅ መመለስ የጀመረው በታኅሣሥ 2016 በወጣው 2.4.25 እትሙ ነው። በ2015 የጸደቀው ኤችቲቲፒ 2 ደግሞ አጥሩን ከነአካቴው ለወጠው፤ የእያንዳንዱ ክፍል ርዝመት አስቀድሞ በቁጥር ስለሚነገር የመስመር ምልክት አያስፈልግም። ሆኖም በ2021 ጄምስ ኬትል እንዳሳየው፣ ብዙ ተቋማት አዲሱን ቋንቋ በበር ተቀብለው በጓዳ ወደ አሮጌው ስለሚተረጉሙት፣ በአዲሱ ውስጥ ትርጉም ያልነበረው ምልክት በአሮጌው እንደገና ነፍስ ይዘራል።

የዚህን ነገር ምንነት እኔ የተረዳሁት በአገራችን የብራና መጻሕፍት በኩል ነው። በምሥራቅ ጎጃም በሚገኙት እንደ ዲማ ጊዮርጊስና መርጡለ ማርያም ባሉ ጥንታውያን አድባራት በቅዱሳት መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ የርስትና የጉልት ውል ተጽፎ ይገኛል። ውሉ በዚያ መስፈሩ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከመጽሐፉ ክብርና ጥበቃ ይጋራል። ቅዱሱ ቃልና የባለርስቱ ጉዳይ በአንድ ብራና ላይ ይኖራሉ፤ ልክ ትእዛዝና የተጠቃሚ ቃል በአንድ መልእክት ውስጥ እንደሚጓዙ።

ነገር ግን አባቶቻችን ውሉን ለቀለም ብቻ አልተዉትም። የእማኞችን ስም ዘረዘሩ፤ ውሉን በሚያፈርሰው ላይ ግዝት ጻፉ። ከዚህም በላይ የብራና ጥናት የሚያውቅ ሰው የእጅ ጽሑፉን ጣል፣ የቀለሙን ዕድሜ፣ የተፋቀውን ቦታ አይቶ ዋናውንና ጭማሪውን ይለያል።

በኮምፒውተር ውስጥ ይህ ሁሉ የለም። ባለቤቱ የጻፈው 13 እና እንግዳው ያስገባው 13 ፈጽሞ አንድ ናቸው፤ የእጅ ጣል የላቸውም፣ ቀለማቸውም አያረጅም። ማን እንደጻፈው የሚያውቀው ቃሉን ከውጭ የተቀበለው ፕሮግራም ብቻ ነው፤ እርሱም በተቀበለበት ቅጽበት ካልጠየቀ በኋላ የሚለይ ምንም ዳኛ አይገኝም። የዚህ ታሪክ ዋና ቁም ነገር፣ እንደ እኔ እምነት፣ ይህ ነው።

ስለዚህ ለእናንተ፣ ነገ የየመሥሪያ ቤቱን ድረ ገጽ ለምትሠሩ ተማሪዎች፣ ሦስት አደራ አለኝ። የተጠቃሚ ቃል ወደ ራስጌ የሚገባበትን ቦታ ሁሉ ቆጥራችሁ ዕወቁ። በዚያ ቦታ የመስመር ምልክት ቢመጣ ፍቃችሁ አትለፉ፤ ጥያቄውን ሙሉ በሙሉ መልሱ፣ አድራሻ የሚጽፍ ቅን ሰው አዲስ መስመር አያስፈልገውምና። አዲሱን ፕሮቶኮል ከአሮጌው ጋር ስታገናኙም መገናኛውን ከሁሉ አብልጣችሁ ፈትሹ።

ያ ተማሪዬ በቀጣዩ ዓመት እንደገና አመለከተ። ደብዳቤውን በወረቀት ጽፌ፣ ፈርሜና ማኅተም አስደርጌ በፖስታ ላክሁለት፤ ደረሰም። ይሁን እንጂ አንድ ዓመት ከዕድሜው ላይ ሄዶበታል። ያን ዓመት የወሰደችበት ማንም ያልፈተሻት አንዲት ሳጥን ናት።