ባሕር በኩንታል

ኮልፌ አጠና ተራ ደርሳችሁ ከሆነ ሲሚንቶ በትከሻ ሲራገፍ አይታችኋል። የዛሬው ወሬዬ ስለዚያ ኩንታል ነው፤ ውስጡ ባሕር አለና።

የኮልፌ ቀራኒዮ መሬት የእሳት ልጅ ነው፤ በስተምዕራብ የቆመው ወጨጫም እሳተ ገሞራ ነበር። ባሕሩን የፈለገ ወደ ሙገር ሸለቆ ይውረድ፣ ወይም የጎጃምን መንገድ ይዞ ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ያቆልቁል። ከላይ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው ጥቁር ድንጋይ፣ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ ገደል፣ ቀጥሎ ነጭ ጂፕሰም፣ ወንዙ ዳር ቀይ የአሸዋ ድንጋይ። ቁልቁል በወረዱ ቁጥር ዘመኑ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ እኔም ከድልድዩ ልጀምር።

በመጀመሪያ ባሕር አልነበረም። አሸዋውን ያነጠፉት ወንዞች ናቸው። ኋላ ጎንድዋና የሚባለው ታላቅ አህጉር መሰንጠቅ ጀመረ፤ ምድሩ ሰመጠ፤ ከ180 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ባሕር ከደቡብ ምሥራቅ ገባ። አገባቡ ግን ማመንታት የበዛበት ነበር፤ መጣ፣ ሸሸ፣ ተመለሰ። በሸሸ ጊዜ ፀሐይ ውሃውን ጠጥታ ጂፕሰም ተወች፤ በተመለሰ ጊዜ ጭቃ ደረበበት። ጂፕሰምና ጭቃ እየተፈራረቁ የተነባበሩት ለዚህ ነው። ጌታነህ አሰፋ የተባሉት የሥነ ምድር ምሁር በ1981 እ.ኤ.አ. ይህንን ንብብር በጎሃ ጽዮን ስም ጠሩት። እኔ ከገደሉ ሁሉ የምወደው እሱን ነው፤ የባሕሩን እያንዳንዱን ውሳኔ ጽፎ አስቀምጧልና።

ከዚያ ባሕሩ ቁርጡን አወቀ። ጠለቀ፤ የዛጎሉ ኖራ በመቶዎች ሜትር ተከመረ። በስተመጨረሻም ለቀቀና ወንዞች ተመለሱ። ሙገር ላይ ባለው የነሱ ጭቃ ውስጥ የዳይኖሰር ጥርስ ተገኝቷል።

የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካ የኖራ ድንጋዩን ከዚያው ሸለቆ ይቆፍራል። ከሸክላ አፈር ጋር እስከ 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተቃጥሎ ክሊንከር ይሆናል፤ ሲፈጭ ጥቂት ጂፕሰም ይጨመርበታል። ጂፕሰም ባይኖር ሲሚንቶው ውሃ እንደነካው ይደርቃል፣ ግንበኛውም መለሰኑን ሳያነሳ ይቀድመዋል። ካራ ቆሬና ቤተል ላይ ብሎኬት የሚደረድረው ሰው ግድግዳውን የሚያቆምለት በጠለቀ ባሕር የተከመረው ኖራ ነው፤ ለማስተካከል ፋታ የሚሰጠው ደግሞ ባሕር እያመነታ ሲሸሽ የሚተወው ጂፕሰም።